ገጽ ስድስት፣ ዓምድ አራት

ባለፉት ሳምንታት አብራችሁኝ የከረማችሁ ነገሬን ታውቁታላችሁ። ዛሬ ገና ለምትቀላቀሉኝ ግን ባጭሩ ልንገራችሁና ወደ ጉዳዬ ልግባ። ስሜ ሞላልኝ ነው። ቴክሳስ፣ ግራንድ ፕሬሪ ውስጥ አንድ መጋዘን ፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻውን መኪና፣ እነዳለሁ። ነገሩ ሲሆን ዕድሜዬ ሠላሳ ስምንት ነበር፤ ሽበቴ ግን ሃምሳ ያስመስለኝ ነበር። በዚያ ዓመት፣ በፈረንጆቹ 1996 ማለቴ ነው፣ ሐሳቤን የሚይዙት ሁለት ነገሮች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ያልጨረስኩት የወንጀል ልቦለድ፣ ሁለተኛዋ የእኔ ያልሆነች ሴት።

ልቦለዱ የሚፈጸመው ለንደን ነው፤ ያውም ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ በድሆች ሰፈር። «አንተ ሰው፣ ስለ አገርህ አትጽፍም ወይ?» ያላለኝ ሰው የለም። እኔ ምን ላድርግ? ሱዳን፣ ገዳሪፍ በስደት ሳለሁ ክሊኒክ ወረፋ ላይ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አግኝቼ በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ አነበብኩት። ስለዚያ ሰፈር ነበር። በአንድ ክፍል ስምንት ሰው፣ ለመላው ግቢ በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ የምትከፈት ቧንቧ፣ አልጋ መከራየት ያልቻለ ደግሞ የተወጠረ ገመድ ላይ ደገፍ ብሎ የሚያንቀላፋበት ቤት። ፈረንጅም እንዲህ ኖሮ ያውቃል ወይ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ያ ሰፈር ከዚያ ወዲህ ለቆኝ አያውቅም።

ምዕራፎቹ በየሁለት ሳምንቱ «ማዕዘን» በምትባል መጽሔታችን ይወጡ ነበር። አዘጋጇ ወዳጄ ገብረመድኅን ነው። የኤርፖርት ታክሲ ነጂ ስለሆነ ተራው እስኪደርስ መሪው ላይ ወረቀት ዘርግቶ ያርማል። ከዚያ ፎቶ ኮፒ ተደርጋ ጋርላንድና ዳላስ ባሉ የሐበሻ ሱቆች በር ላይ ትቀመጣለች። ሰው በርበሬ ሊገዛ ይገባና ሬሳ ይዞ ይወጣል እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ሴትዮዋስ? አይናዲስ ትባላለች። አርሊንግተን፣ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ የድሮ ጋዜጦች ፊልም የሚታይበት ክፍል ትሠራ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር። አባቷ ጋሽ ታፈሰ ጋርላንድ ያለው የአማርኛ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ የተማሩ፣ የተከበሩ፣ በአገር ቤትም በወግ የኖሩ። እኔ እሑድ ማርያም የምስም፣ አባቴን ለማስተዋወቅ እንኳ ፎቶግራፍ የሌለኝ ሰው ነኝ። ጋሽ ታፈሰ ልጃቸውን ለማን እንደሚድሩ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ናኦድ ለሚባል የሂውስተን የጥርስ ሐኪም። ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት በቀለለኝ ነበር፤ ግን ክፉ ብሎ የሚያነሳው ሰው አላጋጠመኝም።

ለእኔ የቀሩኝ ቅዳሜዎቹ ነበሩ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሱፌን ለብሼ እደርሳለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱፍ ለብሶ ቤተ መጻሕፍት የሚሄድ ፎርክሊፍት ነጂ በቴክሳስ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። አይናዲስ የፊልሙን ጥቅል ማሽኑ ላይ ታስገባለች፤ እጀታውን ስታዞረው የለንደን ገጾች በስክሪኑ ላይ ይሮጣሉ። ፊደሉ ደቃቅ፣ እንግሊዝኛውም የአያቶች እንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ አንዱን አንቀጽ ጨርሼ ሳልወጣ ሰዓቱ ያልቃል። እሷ ግን ታነብልኝና በቢጫ ወረቀት ላይ በአማርኛ ትጽፍልኛለች። በአሥራ አምስት ዓመቷ ብትመጣም፣ አልፎ አልፎ ጣል ከምታደርጋት የእንግሊዝኛ «ሶ» በቀር አማርኛዋ አልተሰበረም። በየወረቀቱ አናት ላይ ቀኑን፣ ገጹንና ዓምዱን ሳታሰፍር አትሰጠኝም ነበር።

መጀመሪያ ሽበቴን አይታ «እርስዎ» ነበር የምትለኝ። ስለ ገመዱ መኝታ ቤት ስናነብ አንድ ቀን «ቆይ፣ አንተ ብትሆን ገመድ ላይ ትተኛለህ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እርስዎ ቀረ። የዚያን ዕለት ወደ ቤቴ ስነዳ መውጫዬን አልፌ ዳላስ ልገባ ነበር።

አፈቅራት ነበር። ይህን ለእናንተ መጻፍ አሁን ቀላል ነው። ያኔ ግን አፌን ስከፍት የሚወጣው «የክብሪት ቀፎ የሚጣበቀው በምንድን ነው?» የሚል ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ የካቲት ውስጥ፣ ከሌሎቹ ወረቀቶች መሐል አንድ ሰጠችኝ። እንዳለ ልገልብጠው፤

«ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1874፣ ገጽ ስድስት፣ ዓምድ አራት። የክብሪት ቀፎ የምትሠራ ሴት ለጋዜጣው የሰጠችው ቃል።

ጌታዬ፣ ስለ ሰፈሩ ጠየቁኝ፤ ነገርኩዎት። አሁን ያልጠየቁኝን ልንገርዎት። ከእኛ በላይ ባለው ክፍል አንድ ሰው ይኖራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ይወርድና ደጃፋችን ላይ ቆሞ ስለ ሥራዬ ይጠይቀኛል። ሙጫው ከምን እንደሚሠራ፣ ወረቀቱን የሚያመጣው ማን እንደሆነ፣ በቀን ስንት ቀፎ እንደሚወጣኝ። ሁሉንም እመልስለታለሁ። መልሴ ቶሎ እንዳያልቅ ቀስ ብዬ ነው የምመልሰው። አባቴ ደግ ሰው ነው፤ ደግ ሰውም አግኝቶልኛል፤ ሱቅ ያለው፣ ከቤተ ክርስቲያናችን። ላይ ቤት ያለው ሰው ከቤተ ክርስቲያናችን አይደለም፤ ሱቅም የለው። ጌታዬ፣ እኔ ሱቅ አልፈልግም። ደረጃው ላይ ኮቴውን ስሰማ እጄ ላይ ያለው ሙጫ ይደርቃል። ፋሲካ እንዳለፈ መልስ ስጪ ተብያለሁ። እሱ አንድ ቃል ቢናገር እኔ ሁለቱን እናገር ነበር።»

እናንተ ገባችሁ አይደል? እኔ አልገባኝም። እንዲያውም ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ለልቦለዴ እንዲህ ያለች ሴት ከየት አገኝ ነበር?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ገና ሳልቀመጥ ጀመርኩ።

«አይናዲስ፣ ይቺ የክብሪቷ ሴት እኮ ገደለችኝ!»

«የትኛዋ?» አለች። ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም።

«የገጽ ስድስቷ ናታ! ብቻ ትንሽ ሞኝ ናት። ለጋዜጠኛ ከምትናገር ለራሱ ለሰውየው ብትነግረው ምን ነበረበት?»

 እጀታውን ታዞረዋለች፤ ገጾቹ ሳይነበቡ ያልፋሉ።

«ነገረችው እኮ» አለች በመጨረሻ።

«የት? ዓምዱ ላይ የለም።»

«ሶ… አልሰማም ይሆናላ።»

«ታዲያ ለምን አትደግምለትም?»

ያኔ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ በፊት እንዲያ አይታኝ አታውቅም። ዓይኗ ውስጥ ቁጣም ልመናም ነበረበት፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

«ሴት ናት እኮ ሞላልኝ። ማለቴ፣ ስንት ጊዜ ትናገር?»

እኔ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ድንቅ መልስ ነው ብዬ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። እሷ ጽሑፌን እስክጨርስ ጠበቀች፤ ከዚያ ፊቷን መለሰች። ጀርባዋን እያየሁ ለምን እንደከፋኝ ሳላውቅ ቀኑን ሙሉ ከፋኝ።

የክብሪቷን ሴት ቃል አንዲት ፊደል ሳልነካ ምዕራፍ ዘጠኝ ውስጥ አስገባሁት። ሰው በጣም ወደደው። ከጋርላንድ አንዲት እናት ለገብረመድኅን ደውለው አለቀሱ። እኔም በዚህ ሞቅ አለኝና፣ የወንጀል ልቦለድ ሁለተኛ ሬሳ ያስፈልገዋል ብዬ ምዕራፍ አሥር ላይ ገደልኳት። ኢንስፔክተሩ ላይ ቤት ያለውን ሰው «ሟቿን ታውቃት ነበር?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሰውየውም «የክብሪት ቀፎ ትሠራ እንደነበር አውቃለሁ። ሌላ ምንም አላውቅም» ብሎ ይመልስና ቤቱን ለቅቆ ይሄዳል። በዚያች መልስ የኮራሁትን ኩራት ብታዩ!

መጽሔቷ በወጣች በሳምንቷ ቤተ መጻሕፍት ስደርስ በአይናዲስ ወንበር ላይ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ተቀምጠዋል። ሥራ መልቀቋን ነገሩኝና አንድ ፖስታ ሰጡኝ። ውስጡ አራት መስመር ነበር።

«ለአቶ ሞላልኝ። ምዕራፍ አሥርን አነበብኩ። መልስዎ ደርሶኛል። ለመጽሐፍዎ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። አይናዲስ ታፈሰ።»

የምን መልስ? ደጋግሜ አነበብኩት። ያመመኝ ግን «መልስዎ» የምትለዋ ቃል ነበረች። ስንት ቅዳሜ ፈጅቶብኝ ያገኘሁትን «አንተ» ወስዳ፣ አጥባ፣ ተኩሳ «እርስዎ» አድርጋ መለሰችልኝ። ቤቷ ደወልኩ። ጋሽ ታፈሰ አንስተው «ማን ልበል?» ሲሉኝ ስልኩን ዘጋሁት። ለሴት ልጅ ቤት ደውሎ የሚዘጋ የሠላሳ ስምንት ዓመት ጎረምሳ!

አራት ቅዳሜ እንዲሁ አለፈ። ሱፌን እለብሳለሁ፣ እሄዳለሁ፣ የማላነበውን ጋዜጣ አያለሁ። ከማሽኑ ጎን ያለውን ወንበር ሌላ ሰው ሲስበው እንኳ እናደድ ነበር። ናፍቆት እንዲህ ሰውን ከወንበር ጋር እንደሚያጣላ አላውቅም ነበር።

ፋሲካ አልፎ ሁለተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ዕለት፣ ገብረመድኅን ደወለ።

«ስማ፣ ፎርት ወርዝ ያሉ አንድ መምህር ደብዳቤ ጽፈዋል። የክብሪቷ ሴት ቃል ምንጩ ይጻፍልን ይላሉ። ቀኑንና ገጹን አጣርተህ አምጣልኝ።»

«ወረቀቱ ላይ አለ እኮ።»

«ራስህ ፊልሙን አይተህ አረጋግጥ፤ ኋላ እንዳንዋረድ። ደግሞ ሰማህ? የታፈሰ ልጅ ነገር አለቀ። የናኦድ ሽማግሌዎች ዛሬ ከሂውስተን ገቡ፤ ሁለቱን ከኤርፖርት ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መልስ ይሰጣቸዋል አሉ።»

የስልኩን ገመድ ጣቴ ላይ ጠመጠምኩት።

«ሞላልኝ? አለህ?»

«አለሁ» አልኩት። ስልኩን ስዘጋ ግን መኖሬን እርግጠኛ አልነበርኩም።

በማግስቱ ልቤ እንደተሰበረ አርሊንግተን ሄድኩ። የት ልሂድ? ቢያንስ ሥራ ነው። አሮጊቷ ጥቅሉን አስገቡልኝ፤ እጀታውን እያዞርኩ ፌብሩዋሪ 21 ደረስኩ። ገጽ ስድስት። ዓምድ አራት። የፈረስ ጨረታ ማስታወቂያ፣ የፒያኖ አስተማሪ ማስታወቂያ፣ የጠፋ ጃንጥላ። ገጽ አምስትን አየሁ፤ የለም። ገጽ ሰባት፤ የለም። የዋዜማውን፣ የማግስቱን፣ የሳምንቱን ሁሉ አገላበጥኩ። የክብሪት ቀፎ የምትሠራ ሴት በዚያ ጋዜጣ ላይ አንድም ቃል አልተናገረችም።

አይናዲስ ቀን አትሳሳትም። ቢጫውን ወረቀት ከዶሴዬ አወጣሁና ደግሜ አነበብኩት። «ቅዳሜ ቅዳሜ ይወርድና…» አልኩ በለሆሳስ። «ከቤተ ክርስቲያናችን አይደለም…»  ነገረችው እኮ ብላኝ ነበር። ስንት ጊዜ ትናገር ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ በደብተሬ ጻፍኩት፣ ከዚያ አሳተምኩት፣ ከዚያ ገደልኳት፣ ከዚያ «ሌላ ምንም አላውቅም» ብዬ በመላው ዳላስ ፊት መለስኩላት። ነፍሰ ገዳይ በእግር ዱካ የሚያገኝ ኢንስፔክተር የፈጠርኩ ሰው፣ አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀምጣ እንደምትወደኝ ሳላይ ቀረሁ።

«ደህና ነህ የኔ ልጅ?» አሉኝ አሮጊቷ።

ደህና አልነበርኩም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ማሽኑን እንኳ ሳላጠፋ ሮጥኩ።

ሀይዌይ ሠላሳን እንዴት እንደነዳሁት አላስታውስም። ዳላስ መሐል ላይ ትራፊኩ ቆመ። መሪውን ይዤ «እሺ አትበዪ፣ እሺ አትበዪ» እላለሁ፤ በጎን ያለው መኪና ውስጥ ያለች ልጅ ትስቅብኛለች። ምን ብዬ እንደምገባ፣ ምን እንደምናገር አንድም ሐሳብ አልነበረኝም። የነበረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሌላ አላውቅም» ያልኩት ውሸት መሆኑን ሳታውቅ እንዳትሄድ።

ቤታቸውን አውቀዋለሁ፤ አንድ ጊዜ መኪናዋ ተበላሽቶባት ሁለት ቤት ሲቀር አውርጃታለሁ። ደጃቸው ላይ ስደርስ ሦስት ሽማግሌዎች ከአንድ መኪና እየወረዱ ነበር። እናቷ እትዬ አገሬ በሩን ከፍተው ቆመዋል። ሱፌን፣ ሽበቴን፣ ላቤንም አዩ።

«ግቡ፣ ግቡ! እርስዎም ይግቡ እንጂ፣ ምን ያስቆምዎታል?» አሉኝ።

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። የሂውስተኖቹ ሽማግሌዎች የቤቱ ዘመድ መሰልኳቸው። የቤቱ ሰዎች ደግሞ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነው አሉ። ስለዚህ ማንም ማን ነህ ሳይለኝ ሶፋ ላይ ተቀመጥኩ፤ ስፕራይት ተሰጠኝ። ስሜን በመጽሔት የሚያውቁት ጋሽ ታፈሰ ፊቴን አያውቁትም ነበር። እጄን ጨብጠው «እንኳን ደህና መጡ» አሉኝ። ሰላምታቸው ሞቅ ያለ ስለነበር አፈርኩ።

በጸሎት ተጀመረ። የሽማግሌዎቹ አንጋፋ፣ ጋሽ ሀይሌ የሚባሉ ነጭ ጢማም ሰው፣ ረጅም ጸሎት ጸለዩ። «ይህን የጀመርከውን ጋብቻ በሰላም ፈጽመው» ሲሉ፣ በልማድ ከሁሉ ጮክ ብዬ «አሜን» አልኩ። በገዛ አፌ ለሌላ ሰው ዳርኳት።

«እንግዲህ ወንድማችን ታፈሰ» አሉ ጋሽ ሀይሌ ብድግ ብለው፣ «ባለፈው ደጃችሁን ረግጠን ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ለምነናችሁ፣ ለዛሬ ቀጥራችሁን ነበር። ይኸው መጥተናል።»

«ልጃችንን ጠይቀናል» አሉ ጋሽ ታፈሰ። ክራቫታቸውን አስተካከሉ። «መልሱን ከመናገራችን በፊት ግን፣ እኒህ ወንድማችን እስካሁን አንድ ቃል አልተናገሩም። እርስዎ፣ ናኦድን በምን ያውቁታል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ብርጭቆዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«አላውቀውም ጋሼ» አልኩ።

«አያውቁትም?»

«አላውቀውም። የናኦድ ሽማግሌ አይደለሁም። ሞላልኝ እባላለሁ።» ተነሥቼ ቆምኩ። «የመጣሁት ለራሴ ነው።»

ጋሽ ሀይሌ ወደ ጋሽ ታፈሰ፣ ጋሽ ታፈሰ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። ለራሱ ራሱ ሊለምን የገባ ሰው ያ ሳሎን አይቶ አያውቅም። የጓዳው በር ተከፈተ፤ አይናዲስ ወጣች።

ከሲታ ሆናለች። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ ጸጉሯን ለሌላ ሰው ቀን ተሠርታ። አምስት ሳምንት ሙሉ በዓይነ ኅሊናዬ ሳየው የከረምኩት ፊት ከእውነተኛው በስንት እጥፍ ያነሰ ነበር። የማያት የመጨረሻ ቀን ይሄም ቢሆን ይበቃኛል ብዬ አሰብኩ፤ ግን አልበቃኝም።

«ገደልከኝ እኮ» አለች።

«ምን አደረጋት?» አሉ አንዱ የሂውስተን ሽማግሌ ደንግጠው።

«መጽሐፍ ላይ ነው» አልኩ። «መጽሐፍ ላይ ነው አባቴ።»

«ስድስት ጊዜ ቀድጄ ነው የጻፍኩልህ» አለች አይናዲስ። ሰዎቹን ረስታቸዋለች። «በራሴ ስም መጻፍ አፈርኩ። ሶ ለሞተች ሴት ሰጠኋት። አንተ ደግሞ አሳተምከው። ኦኬ፣ እሱን ይቅር ብዬህ ነበር፤ ምናልባት መልሱን በሚቀጥለው ይጽፈዋል ብዬ ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። ሱቅ በር ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። "ሌላ ምንም አላውቅም" አልክ። አታውቀኝም ሞላልኝ?»

«ዛሬ ነው የገባኝ» አልኩ። «ገጽ ስድስት ላይ ያለው የፈረስ ጨረታ ነው አይናዲስ። ዛሬ ነው ያየሁት። ሳላይ አምኜሽ ነበር። ያልሽውን ሁሉ ለንደን ነው የፈለግሁት፤ አጠገቤ አልፈለግሁትም። ደንቆሮ ነኝ። ግን አፈቅርሻለሁ። ስለ ሙጫ የጠየቅሁሽ ሙጫ ቸግሮኝ አልነበረም።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። እትዬ አገሬ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

«አይናዲስ» አሉ ጋሽ ታፈሰ በቀስታ። «ትናንት ለእናትሽና ለእኔ ምን ነበር ያልሽን?»

«እሺ ነው ያልኳችሁ አባዬ።»

 ደርሻለሁ ብዬ ነበር፤ ለካ ከትናንት ጀምሮ ዘግይቻለሁ።

«አስገደድኩሽ ወይ?»

«አላስገደድከኝም። ናኦድም ጥሩ ሰው ነው። ማለቴ… የምጠብቀው ሰው የለም ብዬ ነው እሺ ያልኩህ።»

«አሁንስ?»

አየችኝ። ያን የቤተ መጻሕፍቱን አስተያየት ነበር ያየችኝ፤ አሁን ግን ልመናው ወጥቶለት ቁጣውና አንድ ሌላ ነገር ብቻ ቀርቷል። ሌላው ምን እንደሆነ ስሙን አውቀዋለሁ፤ ያኔ ለመጥራት ግን ፈራሁ።

«አሁን እሺ ብል እዋሻለሁ» አለች።

ጋሽ ሀይሌ ባርኔጣቸውን አነሱ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። «ታፈሰ» አሉ፣ «እኛ የለመንነው ልጅቷን ከነልቧ ነው። ናኦድን ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ልቧ ሌላ ጋ የሆነ ልጅ ይዤለት ብሄድ አይቀበለኝም። አይዞህ፣ አንቀየምም።» በሩ ጋ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞር ብለው «አሜንህ ግን ከልብ ነበር» አሉኝ። ወጡ።

ጋሽ ታፈሰ በሩን ዘግተው ተመለሱ። ቁጭ በልም አላሉኝም።

«በቤቴ አዋረድከኝ» አሉ። አንቱታው ተነሥቷል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ።»

«ኦርቶዶክስ ነህ።»

«አዎ ጋሼ።»

«ይህ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር አይደለም። እሺ አላልኩህም፤ እሺ የምል አይምሰልህ። ልጄን ሳልሰማ ግን ልድራት ነበር፤ ስለዚያ ደግሞ ከእግዚአብሔር ጋር እነጋገራለሁ።» መነጽራቸውን አወለቁ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። «ደግሞ ለራሱ ራሱ የሚለምን ምን ዓይነት ሰው ነው? ሰው የለህም?»

 አሥራ ሁለት ዓመት አሜሪካ ኖሬ፣ በዚያች ደቂቃ ለእኔ የሚቆምልኝን ሰው ስቆጥር ከአንድ አላለፍኩም። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሥቼ ወጣሁ።

አይናዲስ እስከ ደጃፉ ተከተለችኝ። ከኋላዋ እናቷ በሩን ገርበብ አድርገው ቆመዋል። እጇን ልይዝ ፈልጌ ነበር፤ አልያዝኩም።  ሽቶዋን እንኳ ዳግም ለማሽተት ስንት ሳምንት መጠበቅ እንዳለብኝ አላውቅም ነበርና ትንፋሼን ሳብኩ።

«አባዬ እንደሱ ነው» አለች። «ቶሎ አይሸነፍም። ዓመትም ሊፈጅ ይችላል።»

«ይፍጅ።»

«ናኦድን አሳዝኛለሁ። ያ ደስ አይለኝም። ካንተም ገና አልታረቅኩም፤ ሞቻለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ።»

መሬት መሬት አየች፤ ከዚያ ቀና አለች።

«ስንት ሽማግሌ አለህ?»

«ገብረመድኅን።»

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ብቻ።»

«ሁለት ጨምር» አለችኝ፤ ድምፅዋ ተሰባበረና ፈጥና ገባች።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ለማስገባት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ማልቀሴን ያወቅሁት ፊት ለፊት ያለው መንገድ ሲደበዝዝብኝ ነው። እሷ ያለችው ከእኔ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ ከአንድ ግድግዳ በስተኋላ ነበር፤ ከአሁኑ ናፈቀችኝ።